በጀርባ፣ በጎን ወይስ በሆድ? የእንቅልፍ አፕኒያ ላለበት ልጅ አተኛኘትን መምረጥ

በእንቅልፍ ላይ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቆራረጥ አዋቂ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባው ሲንጋለል ይብስበታል፣ ወደ ጎኑ ሲዞር ይቀለዋል። ይህን የሰሙ ወላጆች አፕኒያ (በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቆራረጥ) ያለበትን ልጃቸውንም ሌሊቱን ሙሉ ወደ ጎን ሲያገላብጡ ያድራሉ። በልጆች ላይ ግን ነገሩ አንድ ወጥ አይደለም። አተኛኘት በልጆች አፕኒያ ላይ ያለውን ተጽዕኖ የመረመሩ ጥናቶች እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ በጀርባ መተኛት ያባብሳል ያሉ አሉ፣ ልዩነት አላገኘንም ያሉ አሉ፣ ልጆቹ በጀርባቸው ተኝተው የተሻለ ተነፈሱ ያሉም አሉ። ስለዚህ ለሁሉም ልጅ የሚሆን አንድ መልስ የለም። ምርጫው የሚወሰነው በልጁ ዕድሜ፣ በክብደቱ፣ አፕኒያውን ባመጣው ምክንያትና በራሱ በልጁ ላይ በሚታየው ውጤት ነው። አንድ ዕድሜ ላይ ብቻ ክርክር የለም፤ ከእሱ እንጀምር።

አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን

ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን ቀንም ሌሊትም በጀርባው ይተኛል፤ ቢያንኮራፋም እንኳ። ፍራሹ ጠፍጣፋና ጠንከር ያለ ይሁን፤ ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና አሻንጉሊት አይኑርበት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ሕፃናት በሆዳቸው እንዳይተኙ መምከር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሆን፣ በቀጣዮቹ ዓመታት በዚያ አገር የሕፃናት ድንገተኛ ሞት በግማሽ ያህል ቀንሷል።

በጎን ማስተኛት ለሕፃን መሃል ቤት መፍትሔ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። ሰውነቱ በጎኑ አይጸናም፤ ትንሽ ሲንቀሳቀስ በሆዱ ይደፋና አፍንጫው ፍራሹ ላይ ይቀበራል። ራሱን ከፍ ማድረግም አይመከርም። የሕፃን ራስ ከአካሉ አንጻር ከባድ ነው፤ ያዘነበለ ነገር ላይ ሲተኛ ወደ ታች ይንሸራተትና አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቃል፤ በዚያ ቀጭን የአየር መተላለፊያ ላይ ይህ ብቻውን ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። በአሜሪካ ከ10 ዲግሪ በላይ ያዘነበሉ የሕፃናት መተኛዎች እ.ኤ.አ. በ2022 በሕግ የታገዱት ለዚህ ነው። በመኪና ወንበር ላይ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃንም ጉዞው እንዳበቃ ወደ ጠፍጣፋ መኝታ ይዛወር።

ብዙ እናቶችን የሚያሳስባቸው ያቀረሸው ወተት ያንቀዋል የሚለው ነው። ሕፃኑ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ይሆናል፤ ወደ ላይ የመጣው ወተት ወደ አየር ቧንቧው ለመግባት ሽቅብ መውጣት ይኖርበታል፣ ስለዚህ ተመልሶ ይዋጣል። በሆዱ ሲተኛ ግን የአየር ቧንቧው ከሥር ይሆናልና አደጋው ይጨምራል።

ከዚህ የሚወጡት ጥቂት ሕፃናት ናቸው። ፒዬር ሮቢን በሚባለው ሁኔታ የተወለዱ ሕፃናት የታችኛው መንጋጋቸው እጅግ ትንሽ ስለሆነ ምላሳቸው ወደ ኋላ ወድቆ ጉሮሯቸውን ይዘጋል፤ ሐኪሞች በሆዳቸው ወይም በጎናቸው እንዲተኙ ሊያዝዙ ይችላሉ። ይህ የሚደረገው ግን የልብ ምትና የኦክስጅን መጠን በመሣሪያ እየታየ፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው። የሕፃን ትንፋሽ መቆራረጥ በአተኛኘት ለውጥ በቤት የሚታከም ነገር ስላልሆነ ፈጥኖ ለሕፃናት ሐኪም መታየት አለበት።

አተኛኘት ትንፋሽን የሚለውጥባቸው መንገዶች

ከአንድ ዓመት በላይ ባሉ ልጆች ምርጫውን ለመረዳት ጉሮሮ ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ይጠቅማል። ልጁ በጀርባው ሲንጋለል ምላሱና ለስላሳው ላንቃ ከነእንጥሉ በክብደታቸው ወደ ኋላ ይወርዳሉ። የሆድ ዕቃ ደግሞ ድያፍራምን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ) ወደ ላይ ይገፋና ሳንባ ውስጥ የሚቀረው አየር ይቀንሳል፤ ሳንባ ሲያንስ የአየር ቧንቧውን ወደ ታች ወጥሮ የሚይዘው ኃይል ይላላል፣ የላላ ጉሮሮም በቀላሉ ይደፈናል። ይህ የሆድ ግፊት ከመጠን በላይ ውፍረት ባላቸው ልጆች ላይ ይበረታል።

የልጆች አፕኒያ ዋና መነሻ ግን ቶንሲልና አዴኖይድ ነው። ችግሩ በብዛት የሚታየው ከ2 እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ከጉሮሮው ስፋት አንጻር ገዝፈው የሚገኙት በዚህ ጊዜ ነውና። አዴኖይድ ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከላንቃ በላይ ተጣብቆ ያለ ሥጋ ነው፤ ልጁ ወደ የትም ቢዞር እንደ ምላስ አይወድቅም፣ ከቦታው አይነሳም። አፍንጫው በአዴኖይድ የተዘጋን ልጅ በጎን ማስተኛት ብዙ ለውጥ ባያመጣ አይገርምም። የጥናቶቹ ውጤት የተለያየበት አንዱ ምክንያትም የመረጧቸው ልጆች አፕኒያ መነሻው የተለያየ መሆኑ ይመስለናል።

ሦስተኛው የአንገት አቀማመጥ ነው፤ ወላጆች ብዙ ጊዜ የማያስተውሉት ይህን ነው። አገጭ ወደ ደረት ሲጠጋ ጉሮሮ ይጠባል፣ ራስ በመጠኑ ወደ ኋላ ሲል ይሰፋል። በጎኑ ተኝቶ ወፍራም ትራስ አንገቱን ያጎበጠው ልጅ፣ ያለ ትራስ በጀርባው ከተኛው የባሰ ሊታፈን ይችላል። አተኛኘት ስትለውጡ አንገቱንም አብራችሁ ተመልከቱ።

በጎን

ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ መጀመሪያ መሞከር ያለበት በጎን መተኛት ነው ብለን እናምናለን። ምላስ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ጉንጭ ያጋድላል፣ ሆድም ድያፍራሙን በሙሉ ክብደቱ አይጫነውም። ይበልጥ የሚጠቅመው ውፍረት ላላቸው፣ ዕድሜያቸው ከፍ ላሉ ልጆችና ቶንሲላቸው ከወጣ በኋላ አፕኒያው ሙሉ በሙሉ ላልለቀቃቸው ነው፤ የእነዚህ ጉሮሮ ከአዋቂ ጉሮሮ ጋር ይመሳሰላል።

አደራረጉ ላይ ጥቂት ነገሮች ወሳኝ ናቸው። የትራሱ ውፍረት ከትከሻው ጫፍ እስከ ጆሮው ያለውን ክፍተት የሚሞላ ያህል ብቻ ይሁን፤ ከኋላ ስታዩት ራሱና አከርካሪው ቀጥ ባለ መስመር ላይ ከሆኑ ልክ ነው። ከሥር ያለው ክንድ ወደ ፊት ይውጣ፣ ጉልበቶቹ በመጠኑ ይታጠፉ፣ በመካከላቸው ቀጭን ትራስ ቢገባ ዳሌው አይጠመዘዝም። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ትከሻው ወደ ጎን ዞሮ ዳሌው ፍራሹ ላይ ከተነጠፈ ልጁ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ጀርባው ይመለሳል። ጀርባውን የሚደግፍ ረጅም ጠንካራ ትራስ ከትከሻ እስከ ዳሌ ቢቀመጥ ይረዳል፤ ይህ ግን ራሱን ችሎ ለሚገላበጥና ፊቱ ላይ የመጣን ነገር ለሚገፋ ልጅ ነው።

ግራ ወይስ ቀኝ? ሰው በጎኑ ሲተኛ ከሥር የሚሆነው አፍንጫ ይጨናነቃል፣ የላይኛው ይከፈታል። ስለዚህ ከሁለቱ የተሻለ የሚተነፍሰው አፍንጫ ወደ ላይ ይሁን። ቃር ለሚያስቸግረው ልጅ የግራ ጎን ይመረጣል። ሁለቱ ሲጋጩ ለአፍንጫው ቅድሚያ ስጡ።

ከሸሚዝ ጀርባ ኳስ ሰፍቶ መንጋለልን መከልከል ለአዋቂዎች የተለመደ ዘዴ ነው። ከፍ ላለ፣ ምክንያቱ ለገባውና ልብሱን ራሱ ሊያወልቅ ለሚችል ልጅ፣ ሐኪሙ ካወቀው፣ ሊሞከር ይችላል። ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። አንገት ላይ ወይም ደረት ላይ የሚጠመጠም ማሰሪያ፣ በጀርባ የሚታዘል ከረጢትም ጭምር፣ ሲገላበጡ ሊያንቅ ስለሚችል መቅረት አለበት።

በጀርባ

አፕኒያ ያለበት ልጅ በጀርባው ተኝቶ ደህና ከተነፈሰ አትንኩት። ቶንሲልና አዴኖይድ ገዝፎባቸው ውፍረት የሌላቸው ብዙ ልጆች በጀርባና በጎን መካከል የጎላ ልዩነት አያሳዩም። በጀርባ መተኛት የሚያሰጋው አንገቱ ሲጎብጥ፣ ልጁ ወፍራም ሲሆን፣ የታችኛው መንጋጋው ወደ ኋላ የገባ ሲሆን፣ ወይም ጡንቻው የላላ ሲሆን ነው። በጀርባው ካልሆነ እንቅልፍ አልወስድ የሚለው ልጅ ትራሱ ቀጭን ይሁንለት ወይም ይቅርበት።

በሆድ

አንዳንድ ልጆች ጉልበታቸውን ከደረታቸው ሥር ሰብስበው፣ መቀመጫቸውን ወደ ላይ አድርገው በሆዳቸው ይተኛሉ። ትናንሽ ልጆች እንዲሁ ደስ ስላላቸውም ያደርጉታል። ማንኮራፋት፣ ላብና አፍ ከፍቶ መተንፈስ ከተጨመረበት ግን ሰውነቱ አየር የሚያገኝበትን አቅጣጫ እየፈለገ ነው ማለት ነውና ለሐኪም ይነገር። እናንተ ራሳችሁ በሆዱ አታስተኙት፤ ደረትና ሆድ ይጫናሉ፣ ፊት ለስላሳ መኝታ ውስጥ ይገባል፣ አንገትም ሙሉ በሙሉ ተጠምዝዞ ያድራል። ከአንድ ዓመት በላይ የሆነው ልጅ ራሱ ተገልብጦ ከተደፋ ደግሞ ደጋግሞ መቀስቀስ አያስፈልግም፤ መኝታው ጠንከር ያለ መሆኑን፣ ፊቱ አጠገብ ትራስ አለመኖሩን ማረጋገጥ ይበቃል።

ራስን ከፍ አድርጎ መተኛት

ሁለትና ሦስት ትራስ መደራረብ በጣም የተለመደ ነው፣ በጣምም ይጎዳል። የሚነሳው ራስ ብቻ ስለሆነ አንገት ይታጠፋል፤ ሊከፈት የታሰበው ጉሮሮ ይጠባል። መነሳት ያለበት ከወገብ ጀምሮ ያለው አካል ነው። ሁለት መንገድ አለ፤ ከዳሌ እስከ ራስ የሚደርስ ረጅም ተዳፋት ስፖንጅ፣ ወይም በራስጌ በኩል ያሉትን የአልጋ እግሮች ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ማንሳት። 180 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን አልጋ በ15 ሴንቲ ሜትር ስታነሱት ተዳፋቱ 5 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ይበልጥ ለማድረግ ስትሞክሩ ልጁ እየተንሸራተተ ግርጌ ይገኛል።

የሚገኘው ጥቅም መጠነኛ ነው። በአዋቂዎች ላይ ማንኮራፋትንና አፕኒያን በተወሰነ ደረጃ እንደሚቀንስ ታይቷል፤ በልጆች ላይ ያለው ማስረጃ ጥቂት ነው። በይበልጥ የሚረዳው ልጁ ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ሲታፈን ነው፤ ተጋድሞ መተኛት የአፍንጫን የደም ሥሮች ያሳብጣልና።

ተቀምጦ ማንቀላፋትና አንገትን ወደ ኋላ መቀልበስ

እነዚህ ሁለቱ አማራጭ ሆነው የሚቀርቡ አይደሉም፤ ጉሮሮ መዘጋቱን የሚጠቁሙ ምልክቶች ናቸው። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች እግራቸውን አጣጥፈው፣ ከወገባቸው ወደ ፊት ተደፍተው ሲተኙ ይታያሉ። አፕኒያ በእነሱ ዘንድ በጣም የተለመደ ስለሆነ፣ ምልክት ቢታይም ባይታይም 4 ዓመት ሳይሞላቸው የእንቅልፍ ምርመራ እንዲደረግላቸው ይመከራል። ከትከሻ ሥር ፎጣ ጠቅልሎ አንገትን ወደ ኋላ ማስቀልበስ ግን ማንም ልጅ ላይ በቤት አይሞከር። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች የላይኛው የአንገት አጥንት መጋጠሚያ ሊላላ ስለሚችል፣ አንገታቸውን ማስገደድ ሕብለ ሰረሰራቸውን ሊጎዳ ይችላል።

በራሳችሁ ልጅ ላይ ማነጻጸር

ልጁ ጉንፋን የሌለበትን ጊዜ ምረጡ። ቢያንስ ለአራት ሌሊት፣ አንዱን ሌሊት እንደ ልማዱ፣ ቀጣዩን በጎኑ እያደረጋችሁ አፈራርቁ። የመኝታ ሰዓቱና ትራሱ አይለወጥ፤ ሁለት ነገር አብሮ ከተቀየረ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም።

በየሌሊቱ ሁለት ጊዜ፣ እንቅልፍ ከወሰደው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላና ሊነጋ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ ለሦስት ደቂቃ ያህል በስልክ ቅረጹት። ሁለተኛው ቀረጻ እንዳይቀር። የልጆች አፕኒያ የሚበረታው ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ነው፤ በዚያ ጊዜ የጉሮሮ ጡንቻዎች ይላላሉ፣ ይህ ክፍል ደግሞ በሌሊቱ መጨረሻ ይረዝማል። አመሻሹ ላይ ብቻ አይተው ልጁ ደህና ነው ብለው የሚተኙ ወላጆች ዋናውን ሳያዩ ይቀራሉ። ብርድ ልብሱ ተገልጦ፣ ፊቱ፣ አንገቱ፣ ደረቱና ሆዱ በአንድ ላይ ይታዩ፤ ድምፁም ይሰማ።

ቀረጻውን ስታዩ ደረቱ እየተንቀሳቀሰ አየር የማይሰማባቸውን ጊዜያት ቁጠሩ። በአዋቂ 10 ሰከንድ መቆም ይጠበቃል፤ በልጅ ግን የሁለት ትንፋሽ ያህል መቋረጥ ይበቃል፣ ይህም ከ10 ሰከንድ ሊያንስ ይችላል። ቀጥሎ የጎድን አጥንቶቹ መካከልና የአንገቱ ግርጌ ወደ ውስጥ እየተሰረጎደ እንደሆነ፣ ሆዱ ሲነሳ ደረቱ እየገባ እንደሆነ ተመልከቱ። ማንኮራፋት መቀነሱን ብቻ እንደ መሻሻል አትውሰዱት። ጉሮሮ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ድምፅ አይኖርም፤ ዝም ያለ ልጅ ደረቱ እየታገለ ከሆነ ከሚያንኮራፋው የባሰ ላይ ነው።

በጎኑ በተኛባቸው ሌሊቶች በሁለቱም ሰዓት መሻሻል ከታየ ሕክምና እስኪያገኝ ድረስ ቀጥሉበት። ልዩነት ከሌለ ደግሞ ማገላበጡን ተዉት። ያለ ጥቅም በየሰዓቱ መንካት፣ ቀድሞውኑ በአፕኒያው የተቆራረጠውን እንቅልፉን ይበልጥ ይቆራርጥበታል፤ የናንተንም እንዲሁ። ቀረጻውን አታጥፉት፣ ሐኪሙ ይፈልገዋል። ይሁን እንጂ ቀረጻው ደህና ስለመሰለ አፕኒያ የለም ማለት አይቻልም፤ ያንን የሚለየው የእንቅልፍ ምርመራ ነው።

የምርመራውን ውጤት ማንበብ

የእንቅልፍ ምርመራው በአንድ ሰዓት ውስጥ ትንፋሽ ስንት ጊዜ እንደቆመ ወይም እንደቀነሰ ይቆጥራል። በልጅ ከ1 በላይ ከሆነ ጤናማ አይደለም፤ እስከ 5 ቀላል፣ ከ5 እስከ 10 መካከለኛ፣ ከ10 በላይ ከባድ ይባላል። የአዋቂውን መለኪያ ይዞ ከ5 በታች ችግር የለም ማለት ስህተት ነው።

በወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚጻፈው የሌሊቱ አማካይ ነው፤ አማካዩ ግን አተኛኘትን ይሸፍናል። አንድ ልጅ 8 ሰዓት ተኝቶ፣ 2 ሰዓት በጀርባው ሲሆን በሰዓት 12 ጊዜ፣ 6 ሰዓት በጎኑ ሲሆን በሰዓት 2 ጊዜ ትንፋሹ ቢቆራረጥ፣ ድምሩ 36፣ አማካዩ 4.5 ይመጣል። ወረቀቱ ቀላል ይላል፤ በጀርባው ሲሆን ግን ከባድ ላይ ነው። ስለዚህ ሐኪሙን በየአተኛኘቱ ያለው ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ በየአተኛኘቱ ስንት ደቂቃ እንደተኛ፣ በጀርባው ሆኖ የሕልም እንቅልፍ አግኝቶ እንደሆነ ጠይቁት። በጀርባው የተኛው 15 ደቂቃ ብቻ ከሆነ፣ ያም የሕልም እንቅልፍ ያልነበረበት ከሆነ፣ በጀርባው ደህና ነው የሚለው መደምደሚያ አያስተማምንም።

አተኛኘት ከሌሎች ሕክምናዎች ጋር ሲነጻጸር

ቶንሲልና አዴኖይድ ለገዘፉበት ልጅ የመጀመሪያው ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ጥገና ማውጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 9 ዓመት የሆኑ 464 ልጆችን ያሳተፈ ጥናት፣ ከ7 ወር በኋላ የእንቅልፍ ምርመራቸው ወደ ጤናማ የተመለሰው ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው 79 በመቶ፣ ሳይደረግላቸው ከተጠበቁት ደግሞ 46 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ሁለተኛው ቁጥርም ትርጉም አለው፤ ቀላል አፕኒያ ባለበት ልጅ፣ ሐኪሙ ከተስማማ፣ ለተወሰኑ ወራት በክትትል መጠበቅ ይቻላል። አተኛኘት ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው በዚህ የጥበቃ ጊዜ፣ ከአፍንጫ ስቴሮይድ ስፕሬይ ጋር፣ ወይም ክብደት በመቀነስ ላይ ላለ ልጅ በተጨማሪነት ነው። መካከለኛና ከባድ አፕኒያን ብቻውን እንዲያድን መጠበቅ ግን ልጁን ማዘግየት ነው። ያልታከመ አፕኒያ ትኩረትንና ጠባይን ያውካል፣ ዕድገትን ይጎትታል፣ አልጋ ማርጠብን ያመጣል፣ ሲከፋም ልብን ይጎዳል። ሲፓፕ (በጭምብል በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርግ መሣሪያ) የታዘዘለት ልጅ በጎኑ ሲተኛ ጭምብሉ ትራሱ ላይ ተገፍቶ አየር እንዳያፈስ የትራሱ ጠርዝ ከጉንጩ በታች ይሁን።

ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከሆነ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ወይም ነቅቶም ደረቱ እየተሰረጎደ የሚተነፍስ ከሆነ አተኛኘት በመለወጥ ጊዜ አታጥፉ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ቀዶ ጥገናው በተደረገባቸው የመጀመሪያ ሌሊቶች ልጁ በጎኑ፣ ከወገቡ በላይ በመጠኑ ከፍ ብሎ ቢተኛ ይሻላል፤ ደምና ምራቅ ወደ ጉሮሮው አይጠራቀምበትም። ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ወይም ከባድ አፕኒያ ለነበረበት ልጅ የመጀመሪያው ሌሊት ሆስፒታል ውስጥ መሆን አለበት። ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ኮዴይን ያለበት የሕመም ማስታገሻ አይሰጥም፤ ትንፋሽን ሊያቆም ይችላል። ቁስሉ እስኪሽር ጉሮሮው ስለሚያብጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማንኮራፋቱ ከበፊቱ ሊብስ ይችላል፤ ከዚህ ተነስታችሁ ቀዶ ጥገናው አልሠራም አትበሉ። የአራቱን ሌሊት ንጽጽር እንደገና የምታደርጉት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው፤ ያኔም የሚያንኮራፋ ከሆነ አዲሱን ቀረጻ ይዛችሁ ወደ አንገት በላይ ሐኪሙ ተመለሱ።